የተርሚናል መሣሪያዎችን ለማሻሻል ለምታቅደው ልጄ

ልጄ፣ የላክሽልኝን የእቅድ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የሊኑክስን ትንንሽ ትዕዛዞች፣ እነ ዴትን፣ እነ ካልን፣ እነ ከትን፣ ለእኛ አገር ሰው በሚመች መንገድ ማሻሻል የሚል ነው። ከሚሴ ተወልዳ ኮምቦልቻ የተማረች ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ስታስብ ማየት፣ ዕድሜውን በሰርቨር ጥበቃ ለፈጀ እንደኔ ላለ የባቲ ሰው ትልቅ ደስታ ነው። አላህ ይርዳሽ። ዝርዝሩ እንዳለ ከሄደ ግን ከፊሉ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከፊሉ ደግሞ ሳታስቢው ሰው ይጎዳል ብዬ ሠጋሁ። ስለዚህ የመሰለኝን በተራ ቁጥር አስቀምጬልሻለሁ። የማይዋጥልሽ ካለ ደውዪና ተከራከሪኝ።

1. በመጀመሪያ እያንዳንዱ ትዕዛዝ የማን እንደሆነ ለዪ።

ሁሉንም ነገር «ሊኑክስ» በሚል አንድ ርዕስ ሥር አስቀምጠሽዋል። ሊኑክስ የሚባል አንድ ቢሮ ግን የለም። ዴት፣ ከት፣ ሶርት፣ ቲአር፣ ደብሊውሲና ኤልኤስ የግኑ ኮር-ዩቲልስ ናቸው። ይህ ጥቅል እ.ኤ.አ. በ2003 ከሦስት የቀድሞ ጥቅሎች ተዋሕዶ የወጣ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ጂም ሜየሪንግና ፓድሬግ ብሬዲ ሲደክሙበት ኖረዋል። ካል የዩቲል-ሊኑክስ ነው፤ እሱን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ይዞ የቆየው ካሬል ዛክ ነው። ግሬፕና ሴድ ለየራሳቸው ናቸው፤ ኤክስአርግስ የፋይንድ-ዩቲልስ ነው። ከነዚህ ሁሉ ሥር የግኑ ሲ ላይብረሪ አለ፤ የየቋንቋውን የወርና የቀን ስሞች የያዙት የሎኬል ፋይሎች የሚገኙት እሱ ዘንድ ነው። በእያንዳንዱ ሐሳብሽ ጎን የየትኛው ጥቅል ጉዳይ እንደሆነ ጻፊ። ይህን ስታደርጊ ብቻ ዝርዝርሽ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከዚያ የጥቅሎቹ ባለቤቶች ወደፊት ሊሠሩት ያሰቡትንና ተጠይቀው ያልተቀበሉትን አንብቢ። ዩቲል-ሊኑክስ ወደፊት ሊሠራ የታሰበውን የሚመዘግብበት ፋይል ከኮዱ ጋር አብሮ ይዞራል። ኮር-ዩቲልስ ደግሞ ተጠይቀው ያልተቀበላቸውን ሐሳቦች ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርጎ አስቀምጧል። ይህን ሁለተኛውን ደግመሽ አንብቢው። «ይህ በሌላ ትዕዛዝ ሊሠራ ይችላል» ተብሎ የተመለሰው ብዛት ያስገርምሻል። አንቺም ከጻፍሽው ውስጥ ሁለት ትዕዛዝ በፓይፕ በማገናኘት ብቻ የሚፈታ አለ፤ የትኛው እንደሆነ ራስሽ ብታገኚው ይሻላል።

2. «ለአማርኛ የተሻለ ድጋፍ» የሚለውን መስመር ሰርዢና ከራስሽ ፋይል የወጣ ችግር ተኪበት።

ይህ መስመር ምኞት ነው፤ ማንም ሊሠራው አይችልም። ተርሚናል ክፈቺና «ባቲ» የሚለውን ቃል በኤኮ ወደ ደብሊውሲ ላኪ። ባይት እንዲቆጥር ስታዢው 7 ይልሻል፤ ፊደል እንዲቆጥር ስታዢው 3። ሦስቱ ሁለት ፊደልና አንድ የመስመር መጨረሻ ናቸው። ሰባት የሆነው ፊደሎቻችን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ስለሚይዙ ነው። እስከዚህ ድረስ ደኅና ነው፤ ደብሊውሲ ሁለቱንም ያውቃል። አሁን ያንኑ ቃል ለከት ስጪውና የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ እንዲያወጣ በሲ አማራጩ ጠይቂው። ብዙ ሰርቨር ላይ ያለው ከት የሚሰጥሽ የ«ባ»ን ሲሶ ነው። ስክሪኑ ላይ ፊደል ሳይሆን የተሰበረ ምልክት ይመጣል። ማኑዋሉ ይህ አማራጭ ለጊዜው ከባይት አማራጩ ጋር አንድ እንደሆነና ወደፊት እንደሚለወጥ ሲናገር ለረጅም ዓመታት ኖሯል።

ቲአር ከዚህ ይብሳል፤ ጥፋቱ አይታይምና። አንድ የስም ዝርዝር አለሽ እንበል፤ ገሚሱ ሰው «ሐሰን» ብሎ ጽፏል፣ ገሚሱ «ሀሰን»። አንድ ላድርጋቸው ብለሽ ቲአርን «ሐ»ን በ«ሀ» ተካ ትይዋለሽ። ሁለቱ ፊደሎች የሚለያዩት በሦስተኛው ባይት ብቻ ነው፤ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር የ«ሐ» 90፣ የ«ሀ» 80 ነው። ቲአር ፊደል አያይም፤ ባይት ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ያለውን 90 ሁሉ 80 ያደርገዋል። «ሐሰን» እንዳሰብሽው «ሀሰን» ይሆናል። በዚያው ፋይል ውስጥ ያለው «ነጋዴ» ግን «ኀጋዴ» ይሆናል፤ «ፐርሰንት» «ፀርሰንት» ይሆናል፤ «ጐንደር» «ጀንደር» ይሆናል። ስህተት አለ የሚል መልእክት አይመጣም። የሚወጣው ሁሉ ትክክለኛ ፊደል ስለሆነ በዓይን ካላነበብሽው በቀር የሚያስጠነቅቅሽ የለም። የአንድ ወረዳ ሙሉ መዝገብ በዚህ መንገድ ሊበላሽ ይችላል፤ ያበላሸው ሰው ደግሞ ሥራውን በደንብ የጨረሰ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሴድ በዋይ ትዕዛዙ ይህንኑ ሥራ የዩቲኤፍ-8 ሎኬል እስካለው ድረስ በትክክል ይሠራዋል።

አየሽ፣ እንዲህ ያለውን ማስረጃ ይዞ የሚሄድ ሰው ይደመጣል። ምን ጻፍኩ፣ ምን መጣልኝ፣ ምን ጠበቅኩ፣ የየትኛው እትም ነው፤ አራት መስመር ይበቃል። አውሮፓና አሜሪካ ያለ ፕሮግራመር «ነጋዴ» «ኀጋዴ» ሲሆን አይቶ የሚደነግጥበት ምክንያት የለውም። ይህን ሊያሳየው የሚችለው ፊደሉን የሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

3. በከሚሴ በሁለት ጽሕፈት እንደሚሠራ አትርሺ።

ዝርዝርሽ በሙሉ ስለ ግዕዝ ፊደል ነው። የዞናችን የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ የሚጻፈውም በቁቤ። የቁቤ ፊደላት ላቲን ስለሆኑ ከትም ቲአርም አይቸገሩባቸውም። ችግሩ የሚመጣው በሁድሃ ነው። ሰው ሁድሃን የሚጽፈው በኪቦርዱ ነጠላ ጥቅስ ነው፤ ይህ ምልክት ደግሞ ለትዕዛዝ መስመር ልዩ ትርጉም አለው። የባቲን የሰኞ ገበያ የከብት መዝገብ በየዓይነቱ በፋይል ብትከፋፍዪው፣ የፍየሉ ፋይል ስሙ ሬኤ ይሆናል፤ በቁቤ ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሁድሃ አለ። የፋይሎቹን ስም ዘርዝረሽ ለኤክስአርግስ ብትልኪ፣ ፍየሉ ጋ ሲደርስ ያልተዘጋ ነጠላ ጥቅስ አገኘሁ ብሎ ይቆማል። የግመሉና የበጉ ተሠርቶ የፍየሉ ይቀራል።

ለዚህ አዲስ ኮድ አያስፈልግም። ፋይንድ ስሞቹን በዜሮ ባይት እየለየ እንዲሰጥ፣ ኤክስአርግስም በዜሮ አማራጩ እንዲቀበል ማድረግ ከጥንት ጀምሮ አለ። የጎደለው ይህን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፎ ለየቢሮው የአይቲ ሠራተኛ የሚያደርስ ሰው ነው። ሌላም አለ። ከሞባይል የሚመጣው ሁድሃ ብዙ ጊዜ የተጠማዘዘው ጥቅስ ነው፤ ከኪቦርድ የሚመጣው ቀጥ ያለው። በአንዱ የጻፉትን በሌላው ግሬፕ አያገኘውም። ይህን ችግር በእቅድሽ ውስጥ አስገቢው፤ የገዛ ቤትሽ ጉዳይ ነው።

የባቲ ገበያ የኦሮሞ፣ የአማራ፣ የአፋርና የአርጎባ ሰው የሚገናኝበት ስለሆነ ይህንንም ልንገርሽ። በግኑ ሲ ላይብረሪ ውስጥ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የአፋርኛ ሎኬሎች አሉ፤ የአርጎብኛ የለም። ወደፊት ብለሽ ማስታወሻ ያዢበት።

4. የዘመን አቆጣጠሩን ሥራ ካለበት ቀጥዪ።

«ዴት የኢትዮጵያን ቀን እንዲያሳይ ማድረግ» ብለሽ ጽፈሻል። ይህ ተሠርቷል። በ2018 ዓ.ም. መስከረም የወጣው ኮር-ዩቲልስ 9.8 የአማርኛ-ኢትዮጵያ ሎኬል በተመረጠበት ማሽን ላይ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ያወጣል። ለኢራንም እንዲሁ ተደርጓል፣ የታይላንዱም ተስተካክሏል። ከዚያ በፊት የነበረው አማርኛው ሎኬል ጃንዩወሪን በእኛ ፊደል ጽፎ የሚሰጥ ነበር፤ ፊደሉ የኛ፣ ዘመኑ የነሱ። ዓለም በሙሉ የሚጠቀምበት ትዕዛዝ ጳጉሜን ሲያውቃት ማየት ደስ የሚል ነገር ነው። ይህ ከሰማይ የወረደ እንዳይመስልሽ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ሰዎች ዓመታት ስለደከሙ ነው፤ የኦሮምኛውን ሎኬልም ያዘጋጁት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንና የሰገሌ ኦሮሞ አሳታሚ ናቸው። የተከልሽው ሳይሆን የተተከለልሽ መሆኑን እያሰብሽ ሥሪ።

አሁን የቀረውን ተመልከቺ። የ9.8 እትም የለውጥ መዝገብ ከእኛ ሎኬሎች የሚጠራው አማርኛውን ብቻ ነው። ከሚሴ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ማሽኑን በኦሮምኛ ቢያደርግ፣ መስከረምን የሚቆጥረው እንደ ጎረቤቱ ሆኖ ሳለ ማሽኑ እንደ ፈረንጅ ይቆጥርለታል። ኦሮምኛውን፣ ትግርኛውን፣ አፋርኛውን፣ ሲዳምኛውን ማስከተል ከዝርዝርሽ ሁሉ የመጀመሪያው ይሁን። ሒሳቡ ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ የሚቀረው የትኛው ሎኬል ይጨመር የሚለውን ማሳመንና የወር ስሞቹን በየቋንቋው በትክክል ማቅረብ ነው። ስሞቹን ግን ከራስሽ አታፍልቂ፤ የየቋንቋውን ሰው ጠይቂ።

ሁለተኛው መግቢያው ነው። ዴት በእኛ አቆጣጠር ያወጣል እንጂ አይቀበልም። «ጳጉሜ 3 ቀን 2017» ብለሽ ብትሰጪው አይገባውም። ይህ ከማውጣቱ እጅግ ይከብዳል። 2017 የሚል ቁጥር ሲመጣለት የማን 2017 እንደሆነ በምን ያውቃል? እኔ ብሆን ሎኬሉን አይተህ ገምት አልለውም፤ ተጠቃሚው በግልጽ ካልነገረው በቀር እንደ ፈረንጅ ይውሰደው።

ሦስተኛው ካል ነው፤ እኔ በጣም የምመኘው ይህን ነው። ካል የአንድን ወር ሰንጠረዥ ያወጣል። እ.ኤ.አ. የ1752ን የሴፕቴምበር ወር አውጣ ብትይው ከ2 ቀጥሎ 14 ይልሻል፤ እንግሊዞች በዚያ ዓመት አቆጣጠራቸውን ሲቀይሩ የዘለሏቸውን 11 ቀናት ይዞ እስከ ዛሬ አለ። የእንግሊዝን ታሪክ በዚህ ትጋት የጠበቀ መሣሪያ ለእኛ 13ኛ ወርም ቦታ አያጣም። ሥራው ግን ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ካል የዓመቱን ወሮች የሚደረድረው 12 ናቸው ብሎ ነው፤ ሦስት በሦስት ሲሰለፉ ጳጉሜ ብቻዋን ትቀራለች። የወር ቁጥር ሲቀበልም ከ12 በላይ ያለውን ስህተት ይለዋል። እና ደግሞ፣ ሎኬሉ አማርኛ ነው ተብሎ ብቻ ሰንጠረዡ እንዲቀየር አታድርጊ። ባንክ ውስጥ፣ ጉምሩክ ውስጥ፣ አማርኛ እያነበበ በፈረንጅ ቀን የሚሠራ ስንት ሰው አለ! ራሱን የቻለ አማራጭ ይኑረው፤ የፈለገ ይጥራው።

የሰዓቱን ነገር ለመጨረሻ አቆዪው። የጠዋቱን ሦስት ሰዓት ማሽኑ ዘጠኝ ማለቱን ለማስተካከል የሰዓት ቀጠናውን በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚጎትቱ ልጆች አይቻለሁ። ቁጥሩ ይመጣል፤ ቀኑ ግን እኩለ ሌሊት ላይ መለወጡን ትቶ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚለወጥ ይሆናል፣ ሎጉም ይምታታል። ይህን ለማንም አትምከሪ።

5. ሰው የለመደውን ነባሪ አሠራር አትንኪ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የወጣው ኮር-ዩቲልስ 8.25 ኤልኤስ ክፍት ቦታ ወይም ልዩ ምልክት ያለባቸውን የፋይል ስሞች ተርሚናል ላይ በጥቅስ ከብቦ እንዲያሳይ አደረገ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እንደ ሬኤ ያለውን ስም ገልብጦ መልሶ ለመለጠፍ ያመቻል። ቁጣው ግን ከባድ ነበር፤ ሰው ለአሥርተ ዓመታት ያየው ነገር አንድ ቀን ሲነሣ ተለውጦ ጠበቀው። ከአፋር በረሃ ግመል እየነዳ ሰኞ ባቲ የሚገባ ሰው በለመደው መንገድ ላይ ድንገት አጥር ታጥሮ ቢያገኝ፣ አጥሩ ቢያምርም አያመሰግንሽም።

ከላይ የተደሰትኩበትን የዴትን ለውጥ እንኳ በዚህ ዓይን እዪው። ማታ ማታ መጠባበቂያ የሚገለብጥ ስክሪፕት አለ እንበል፤ የፋይሉን ስም የሚሰጠው ዴትን ዓመት፣ ወርና ቀን ጠይቆ ነው። ማሽኑ የአማርኛ ሎኬል ያለው ከሆነ፣ ኮር-ዩቲልስ ሲታደስ ትናንት በ2025 የሚጀምር ስም ይሰጥ የነበረው ዛሬ በ2018 የሚጀምር ይሰጣል። በስም ቅደም ተከተል አሮጌውን የሚሰርዝ ሌላ ስክሪፕት ካለ አዲሱን አሮጌ ነው ብሎ ሊያጠፋው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ሰው ለማያነበው፣ ማሽን ለሚያነበው ሥራ፣ ስክሪፕቱ አናት ላይ ሎኬሉን ሲ አድርጊው፤ ወይም የአይኤስኦውን የቀን አጻጻፍ ተጠቀሚ፤ እሱ በግሪጎርያኑ እንደጸና ነው። ግን ይህን ማን ለማን ነገረ? ለውጡ ከመምጣቱ በፊት ይህን ማስጠንቀቂያ ጽፎ ማሰራጨት ለውጡን ከመሥራት እኩል ሥራ ነው። በእቅድሽ ላይ ለእያንዳንዱ ማሻሻያ «ይህ ማንን ይጎዳል?» የሚል ዓምድ ጨምሪ።

6. ፓችሽን ቤትሽ አታስቀምጪ።

የከትን፣ የሶርትንና የሌሎቹን የፊደል ችግር የሚፈታ ፓች ከድሮ ጀምሮ ነበር። ሬድሃትና ሱዘ ዋናው ኮር-ዩቲልስ ያልተቀበለውን ይህን ትልቅ ፓች በየራሳቸው ጥቅል ላይ እየለጠፉ ዓመታት ይዘውት ዞሩ። ውጤቱ ምን ሆነ? አንድ ዓይነት ትዕዛዝ በአንዱ ማሽን «ባ» ሲል በሌላው ሲሶዋን ይላል። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ፓቹን እንደገና ማስማማት አለ፤ በፓቹ ውስጥ ያለውን ስህተት ደግሞ ዋናዎቹ ባለቤቶች አያውቁትም። ይህ የሆነው ትልልቅ ኩባንያዎች ሆነው ነው። አንቺ ብቻሽን «የኢትዮጵያ ኮር-ዩቲልስ» ብለሽ ብታወጪ ሥራ ስትቀይሪ ወይም ስታገቢ ያልቃል፤ ያመነሽ ቢሮም ባልታደሰ መሣሪያ ይቀራል። ትንሽ ትሁን፣ ዋናው ላይ ትግባ።

7. ግሬፕ ላይ የማይገባውን አትጫኚ።

«ሀ»ን ሲፈልጉ «ሐ»ና «ኀ»ም እንዲገኙ፣ «ሰ»ን ሲፈልጉ «ሠ»ም እንዲገኝ ግሬፕን ማስተካከል ብለሽ ጽፈሻል። ፍላጎቱ ይገባኛል፤ በስም ዝርዝር ውስጥ ሰው ፈልጎ ያጣ ሁሉ የሚመኘው ነው። ግን ፊደሉ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ለግዕዝ ሊቅ «ሠ»ና «ሰ» አንድ አይደሉም፤ ለትግርኛ ተናጋሪ «ሐ»ና «ሀ» ድምፃቸውም ይለያያል። ለኛ የመሰለንን በሁሉ ላይ መጫን አይገባም። ይልቅ በሴድ የተሠራች ትንሽ ማጣሪያ ጻፊ፤ የፋይሉን ቅጂ ወደ አንድ አጻጻፍ ታምጣ፣ ግሬፕ በዚያ ላይ ይፈልግ፣ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቆይ። በአንድ ማታ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

8. የግዕዝ ቁጥር ማውጣት የሚለውን ለጊዜው ተዪው። ዜሮ የሌለው አቆጣጠር ነው፤ በሒሳብ ፋይል ላይ የሚጠቀምበት ሰው አላየሁም።

9. ፈተና የሌለውን ለውጥ አትላኪ።

በ2018 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ የወጣው ኡቡንቱ 25.10 የግኑን ኮር-ዩቲልስ ትቶ በረስት ቋንቋ እንደ አዲስ የተጻፈውን ይዞ መጣ። በዚያ አዲስ ዴት ላይ አር የሚለው አማራጭ አልሠራም። ይህ አማራጭ የአንድን ፋይል የመጨረሻ የተለወጠበትን ጊዜ ይነግራል። አዲሱ ዴት አማራጩን ዝም ብሎ ይቀበልና ስለ ፋይሉ ሳይሆን የአሁኑን ሰዓት ይመልሳል። አዳዲስ የደኅንነት ማሻሻያዎችን በራሱ የሚፈትሸው የኡቡንቱ ሥርዓት ደግሞ በዚህ አማራጭ ላይ የተመሠረተ ነበር። ፍተሻው ቆመ። በጥቅምት ወር ተስተካከለ፤ ነገሩ ግን አንድ ፈተና ቢኖር ኖሮ ገና ከመነሻው ይያዝ ነበር። ስህተት ብሎ የሚጮህ መሣሪያ ይሻላል፤ ዝም ብሎ የሚዋሽ ነው አገር የሚያጠፋው። መሣሪያውን በረስት የጻፉትን ልጆች ለመውቀስ አይደለም፤ ድፍረታቸውን አደንቃለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ግን፣ ያለውን ነገር በሙሉ የሚሸፍን ፈተና ሳይኖር መሣሪያ መተካት ይህን ያመጣል።

ለዘመን አቆጣጠሩ ፈተና የትኞቹን ቀናት እንደምትመርጪ ልንገርሽ። መሐል ዓመት ላይ ያለ ቀን ምንም አይመሰክርም፤ ስህተት የሚደበቀው ድንበር ላይ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 2018ን ውሰጂ፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2026 ነው፣ በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2019 ይገባል። ቀጥሎ 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ላይ ይውላል፣ መስከረም 1 ቀን 2020 ደግሞ በ12 ይሆናል። ሦስተኛው ሩቅ ነው፤ ብዙ ሰው የጻፈው ኮድ የሚወድቀው ግን እዚያ ላይ ነው። ፈረንጆቹ በ2100 የፌብሩወሪን 29ኛ ቀን ይዘላሉ፤ እኛ አንዘልም። ስለዚህ እስከ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በ11 የለመድነው እንቁጣጣሽ ከዚያ ወዲያ በ12 ይሆናል፤ መስከረም 1 ቀን 2093 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2100 ነው። «ሰባት ዓመት ቀንሰህ አሥር ቀን መልስ» ብሎ የጻፈ ሰው ኮዱ እዚህ ጋ ይጋለጣል።

10. መሣሪያውን የያዙትን ሰዎች አታስጨንቂ።

በመጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል የዘገየበትን ምክንያት ሲከታተል በኤክስዜድ ውስጥ የተቀበረ የጀርባ በር ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ኤክስዜድ ፋይል የሚጨምቅ፣ በአብዛኞቹ ሊኑክሶች ላይ ያለ መሣሪያ ነው፤ የያዘውም ላሴ ኮሊን የተባለ አንድ ሰው ብቻውን ነበር። ደክሞት ነበር። ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ለምን ቶሎ አትሠራም፣ ካልቻልክ ለሌላ አስረክብ እያሉ ሲወተውቱት፣ ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ሌላው ደግሞ በትሕትና እየረዳ አመኔታውን አገኘና በሩን ቀበረ።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዢ። የላክሽው ፓች ወራት ቢቆይ ውትወታ ውስጥ አትግቢ፤ ያንን የሚያደርጉት እነማን እንደሆኑ አየሽ። አንድ ጊዜ በአክብሮት አስታውሺ፤ እስከዚያ የሌላ ሰው ፓች ሞክረሽ ውጤቱን ጻፊላቸው። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ስለሆነ ስምሽን የሚያውቁት በዚህ ነው። ሁለተኛው፣ እምነት ከተሰጠሽ በኋላ ያለፈተናና ያለሌላ ሰው ዓይን ምንም እንዳታስገቢ። የኔ ናት፣ የባቲ ልጅ ናት ተብሎ የሚታለፍ ኮድ አይኑር።

11. ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጊው።

የኮር-ዩቲልስንና የዩቲል-ሊኑክስን ኮድ ኔትዎርክ ሲኖር አንድ ጊዜ አውርጂ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መብራት እንጂ ኢንተርኔት ብዙ አይፈልግም፤ ፓች ራሱ ጥቂት ኪሎባይት ነው። በመጀመሪያው ወር የቲአርን «ነጋዴ» እና የኤክስአርግስን ሬኤ በሁለት ገጽ ጽፈሽ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ለዞኑ የአይቲ ሠራተኞች በትኚ፤ የመጠባበቂያ ስክሪፕቱን ማስጠንቀቂያም አብረሽ አድርጊው። ቀጥሎ የኦሮምኛውን ሎኬል ወደ ዴት አስገቢ። የወር ስሞቹን ከከሚሴ መምህራን ጋር አረጋግጪ፣ ከጅማና ከሐረር የሚለይ አጠራር ካለም ጠይቂ። የካልን ሐሳብ ግን ኮድ ከመጻፍሽ በፊት በአንድ ገጽ አቅርቢላቸው፤ ጳጉሜ የት እንደምትቀመጥ በእጅሽ የሣልሽውን ሰንጠረዥ ጨምረሽ። እነሱ አይሆንም ካሉ ሁለት ወር አላባከንሽም።

የዘመን መለወጫ ፈተናዎቹ ከጳጉሜ 6 ቀን 2019 በፊት ኮዱ ውስጥ መግባት አለባቸው። ያቺ ቀን ከመጣች ወዲያ የሚገኘው ስህተት በየሰርቨሩ ላይ የተፈጸመ ስህተት ነው፤ ስድስተኛዋን ጳጉሜ እንደገና የምናገኛት በ2023 ነው። የመጀመሪያውን የኦሮምኛ ፓች ስታዘጋጂ ከመላክሽ በፊት አሳዪኝ፤ ሦስቱንም ቀናት እኔ ማሽን ላይ አስኬጄ የመጣልኝን እጽፍልሻለሁ።